ሦስቱ ሞክሼዎች

በ1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ መቀጠሬን የሰማች ጊዜ እናቴ ለሦስት ቀን ያህል በነገሩ ላይ ምንም አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ጎረቤት "እንኳን ደስ ያለሽ" ሊላት ሲመጣ፣ "ለመሆኑ አዲስ አበባ ምን አረም አላት?" አለች። ልጇን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምራ ከጤፍ ማሳ ያወጣችው መስሏት፣ ጎንበስ ብሎ አረም ሊነቅል ከተማ መግባቱ ነው ያንገበገባት። የሚታረመው ወረቀት ላይ ያለ ፊደል መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። "ታዲያ መጀመሪያውኑ አስተካክለው አይጽፉም?" አለችኝ። ይህችን ጥያቄ አርባ ሁለት ዓመት ይዤያት ዞሬያለሁ፤ መልስ የሰጠኝ ደራሲ የለም።

ሥራ የገባሁ ዕለት በእርማት ክፍሉ በር ላይ እንደኔ ቀጫጭን የሆኑ ሁለት ልጆች ቆመው አገኘሁ። አንዱ ኮቱ የታላቅ ወንድሙ እንደሆነ ከእጅጌው ያስታውቃል። ሌላው ደግሞ በፍርሃት ያልበዋል። የክፍሉ ኃላፊ ሦስታችንንም አስገብተው ቅጽ ሰጡን፤ ሞልተን መለስን። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ሦስቱን ቅጾች ጎን ለጎን ደርድረው ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ።

ጉዱ እንዲህ ነው። ሦስታችንም ስማችን አንድ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በ"ሀ" ድምፅ የሚጀምር፣ ትርጉሙ ጉልበት የሆነ፣ ገበያ መሐል ቢጣሩት አራት ሰው የሚዞርለት ስም ነው ብል ይበቃል። (ጉልበት የሚባለውን ነገር ከሦስታችን አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም።) ሰውዬውን ዝም ያሰኛቸው ግን የስሙ መመሳሰል አልነበረም። እኔ ስሜን በሃሌታው ሀ ጀምሬዋለሁ፤ ባለ ኮቱ በሐመሩ ሐ፤ የሚያልበው በብዙኃኑ ኀ።

"ከሦስታችሁ ስሙን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው፤" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሁለታችሁ የገዛ ስማችሁን ሳታውቁ የሰው ጽሑፍ ልታርሙ መጣችሁ።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስም የለንም። እኔ ሃሌታው፣ ባለ ኮቱ ሐመሩ፣ የሚያልበው ብዙኃኑ ሆነን ቀረን። ገንዘብ ያዡ ሳይቀር ደመወዝ እየተምታታበት ሲቸገር ከስማችን ጎን በእርሳስ ጻፈልን። ስሙን በትክክል የጻፈው ብዙኃኑ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እኛም እንድንረሳው አልፈቀደልንም።

ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ልዩ ልዩ የሆኑትን ፊደሎች ሞክሼ እንደሚሏቸው አንባቢ ያውቃል። ሞክሼ ደግሞ ስም የሚጋሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ነው። እኛ በሁለቱም በኩል ሞክሼ ሆንን።

ኃላፊያችንን "የኔታ" ያልናቸው መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ በአዋጅ ጓድ የሆነበት ዘመን ነው። የሒሳብ ሹሙ ጓድ፣ ዘበኛው ጓድ፣ ሻይ የምታፈላው እትዬ እንኳ ጓድ። እርሳቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸውና "ጓድ" ብለው ሲጠሯቸው ዘወር ብለው ከኋላቸው የቆመውን ሰው ይፈልጋሉ። እኛም በሹክሹክታ "የኔታ መጡ"፣ "የኔታ ሄዱ" እንባባል ጀመር። አንድ ቀን ሐመሩ ድምፁ አመለጠውና "የኔታ!" ሲል ሰሙት። ክው ብለን ቀረን። "አቤት" አሉ፤ ቀና ሳይሉ። በዚያው ጸና።

የኔታ ስሕተት ሲያገኙ አያርሙልህም። ከመስመሩ ዳር በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ነጥብ ያሳርፉና ወረቀቱን ይመልሱልሃል። "እዚህ መስመር ውስጥ አንዲት ነፍስ ጠፍታለች፤ ፈልጋት።" ፍለጋው አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ታጋድማለህ፤ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ታነበዋለህ፤ ፊደል ለቃሚዎቹ ከታች "እርማቱ የታለ?" እያሉ ይጮኻሉ። እርሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ መስመር ዳር ነጥብ አድርገውልኝ ከጠዋት እስከ ማታ ፈልጌ አጣሁ። ልንወጣ ስንል እጄን ሰጠሁ። "ምንም የለበትም፤" አሉኝ። "ትክክሉንም እንደ ስሕተቱ አጥብቀህ እንደምታነበው ላይ ብዬ ነው።" ያን ዕለት ጠላኋቸው። ትምህርት እየተሰጠኝ መሆኑ የገባኝ ልጅ ወልጄ የልጄን ደብተር ማየት የጀመርኩ ጊዜ ነው።

ሥራው በጥንድ ነበር። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በዓይኑ ይከተላል። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡ ሁሉ በስሙ ይጠራል። በቀን ስምንት ሰዓት እንዲህ ያነበበ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምላሱ አይመለስለትም። ሐመሩ ባለቤቱን ለጋብቻ የጠየቃት "ላገባሽ እፈልጋለሁ አራት ነጥብ" ብሎ ነው። እሷም ቆራጥነቱን ወደደችለት። የሥራ ልማድ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን።

ከምልክቶች ሁሉ የኔታ የሚወዷት አንዲት ምልክት ነበረች። ትእምርተ ሥላቅ ትባላለች፤ ተገልብጣ የቆመች ትእምርተ አንክሮ ናት። ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስትቀመጥ የተባለው ነገር ለፌዝ መሆኑን ታሳውቃለች። በእኛ ማተሚያ ቤት የፊደል ሣጥን ውስጥ አልነበረችም፤ የምታስፈልገው ሰው ሲመጣ የኔታ ፊደል ለቃሚውን የ"!"ን እርሳስ ገልብጠህ አስገባ ይሉታል። ብዙ ጊዜ አልመጣም። በዚያ ዘመን በጽሑፍ የሚያፌዝ ሰው ጥቂት ነበር፤ የነበሩትም ምልክት አድርገው ራሳቸውን አያስይዙም።

ስለ ዘመኑ ካነሳሁ አይቀር፣ ሦስታችን ዛሬ በሕይወት ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣው በአንዲት ፊደል ምክንያት እንደሆነ ልናገር። አንድ ሌሊት ለበዓል የሚደርስ መጽሔት ስናርም አደርን። እኔ አነበብኩ፤ ብዙኃኑ ተከተለ፤ ሐመሩ ደገመው። ሊነጋጋ ሲል የኔታ መጡና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከመጀመሪያው ገጽ ዳር አንዲት ቀይ ነጥብ አስቀመጡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ጓድ ሊቀመንበር" የሚለው "ጉድ ሊቀመንበር" ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያን ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ማናችንም አልተናገርንም። የኔታ ብቻ ስኳር እያማሰሉ፣ "ጓን ጉ ያደረጋት ልጅ ልቡ እውነቱን ሳያውቅ አይቀርም" አሉና ወዲያው ግራና ቀኝ አዩ።

የኔታ ደግሞ የሚያርሙት የማተሚያ ቤቱን ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። ብዙኃኑ ለወደዳት ልጅ የጻፈውን አራት ገጽ ደብዳቤ "ፊደሉን እይልኝ" ብሎ ሰጠኝ፤ እኔ ለሐመሩ አሳየሁት፤ ሐመሩ ጠረጴዛ ላይ ረሳው፤ ጠዋት የኔታ እጅ ገባ። ለብዙኃኑ ሲመለስለት አሥራ ሰባቱ ትእምርተ አንክሮ ተሰርዘው፣ ጨረቃ ወጥታ፣ ጽጌረዳ ተነቅላ፣ ከአራቱ ገጽ "እሑድ ከሰዓት ሥራ አለሽ?" የምትል አንዲት መስመር ቀርታለች። ላካት። ዛሬ ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ብዙኃኑ ማለት አሁን ነው።

የእኔ ተራ የደረሰው በ1979 ነው። ከአለቃ ጋር ተጋጨሁና ሌሊቱን የመልቀቂያ ደብዳቤ ስጽፍ አደርኩ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ሰይፍ። በየኔታ በኩል ማለፍ ስላለበት አስቀደምኩላቸው። አነበቡት። "ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የዚህን ክፍል ስም ያሰድባል። በንጹሕ ገልብጠህ ነገ አምጣ።" ገልብጬ አመጣሁ፤ ከስምንት መስመሮች ዳር ነጥብ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን "ንዴትህ ሁለተኛው ገጽ ላይ ራሱን ይደግማል" አሉኝ፤ ቆረጥኩት። በአራተኛው አንድ ገጽ ሆነ። በአምስተኛው ሁለት መስመር። በስድስተኛው ቀን ደጋግመው አዩትና፣ "አሁን እንከን የለበትም። ለማን ነበር የምትሰጠው?" አሉ። በምን እንደተናደድኩ ለማስታወስ ስሞክር ደወል ተደወለ። ደብዳቤው አሁንም አለኝ፤ በዕድሜዬ ያለ ስሕተት የጻፍኩት ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ያኔ ግማሽ ቀን ይሠራል። ስድስት ሰዓት ላይ ስንወጣ የኔታ ፒያሳ ወደምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ይወስዱናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈሉልን። በአራተኛው ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ስናገኝ፣ "እስቲ አሁን ወዳጅ መሆናችሁን እንይ" ብለው ሒሳቡን መሐላችን አስቀመጡና ወጡ። ማን ይክፈል በሚለው የተጀመረው ክርክር ነው እስከ ዛሬ በየቅዳሜው የሚያገናኘን ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በቅርቡ አሜሪካ ያለችው የብዙኃኑ ልጅ በቴሌግራም አንድ ነገር ላከችልን። ጄፍሪ ሆል የሚባሉ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ለመወዳጀት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ቆጥረዋል። ከትውውቅ ወደ ላላ ያለ ወዳጅነት ለማለፍ ወደ 50 ሰዓት፣ ጓደኛ ለመባል ወደ 90፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። አራሚ አንድን ቁጥር ሳያጣራ አያልፍምና ወረቀት አወጣሁ። በዓመት ሃምሳ ቅዳሜ፣ በቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ አርባ ሁለት ዓመት፤ 6,300 ሰዓት ይመጣል። ለሁለት መቶ ሲካፈል ሠላሳ አንድ የልብ ወዳጅ ይወጣውና መቶ ሰዓት ይተርፋል። በተረፈው ደግሞ አንድ ተራ ጓደኛ ማፍራት ይቻል ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ሀብት በሁለት ሰዎች ላይ አባክኜዋለሁ።

ሐመሩ ስሌቱን አየና ተከራከረ። "የተኮራረፍንበትን ቀንስ። ደግሞ ብዙኃኑ የስሙን አጻጻፍ ያወራበትን ሰዓት ቀንስ።" ብዙኃኑ በበኩሉ ምሳ አብረን የበላንበት ይደመር አለ፤ ምሳ ዕቃችን አንድ፣ ሽሮውም የሐመሩ ባለቤት ሽሮ ነበርና እውነት አለው። ባልንጀራ በሚለው ቃል ውስጥ እንጀራ ቁጭ ብላለች። የካንሳሱ ምሁር በሰዓት ይለኩ፤ እኛ ዘንድ መለኪያው መሶብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ማን ማን እንደደረሰ ይታያል።

እዚያው ልጅቷ የላከችው ሌላም ነበር። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና እየተከታተለ፣ ለጤናም ለደስታም ከሰው ጋር ያለ መልካም ግንኙነት ዋነኛው ነገር ሆኖ አግኝቶታል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህን ግኝት ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሥራው ከጀመሩት ሰዎች ዕድሜ ስለሚበልጥ፣ መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ሮበርት ዋልዲንገር የተባሉት ኃላፊ አራተኛው ናቸው። ይህን ሳነብ የየኔታ የመጽሐፍ መደርደሪያ ታወሰኝ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት አለፉ፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለማተሚያ አበቁት፤ ከዚያ በ1962 የራሳቸውን "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" አወጡ። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። የኔታ ይህን ሲያወሩልን ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ልማዳቸው ይመለሳሉ። "አያችሁ፣ ዐዲስ በዓይኑ ዐ ነው። ከተማዋን ሙሉ ማን ያርማታል!"

ደስታ ከውስጥ ይመነጫል የሚሉ ሰዎች አሉ። ውስጤን ብዙ ጊዜ ፈትሼዋለሁ፤ የሚገኘው የጨጓራ ሕመም ነው። የእኔ ደስታ ሰው ቤት ነው የሚያድረው። ግማሹ ሐመሩ ዘንድ፣ ግማሹ ብዙኃኑ ዘንድ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

በ1982 የኔታ ጡረታ ወጡ። በ1987 ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር አስገባ፤ ሥራ አስኪያጁም የደመወዝ መዝገቡን ተመለከተና አንድ ስም ያላቸው ሦስት አራሚዎች አገኘ። "አንዱ ይበቃል፤ የቀረውን ማሽኑ ያርመዋል" አለ። ማን ይቅር የሚለው ሲነሳ ገንዘብ ያዡ በእርሳስ የጻፈውን አዩ፤ በፊደል ተራ ሃሌታው ይቀድማል ተባለ፤ እኔ ሥራዬ ላይ ቀረሁ። ይህን በደል የፈጸምኩባቸው ያህል እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል። ሐመሩ በዕቁብ ገንዘብ ሚኒባስ ገዛ። ሐመር በግእዝ መርከብ ነውና ስሙ መንገዱን አሳየው ተባባልን። ብዙኃኑ ፍርድ ቤት አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ።

ወሬውን ለየኔታ ስንነግራቸው አልደነቃቸውም። ሞክሼ ፊደሎች ይቀነሱ የሚለው ክርክር ከእኛ ዕድሜ ይበልጣልና ስንቱን አሳልፈዋል። "ሠረቀ ሲሉ ፀሐይ ወጣች ነው፤ ሰረቀ ሲሉ ሌባ ገባ ነው። ዓመተ ምሕረትን በአልፋው አ ጻፈው፤ የምሕረት ገረድ ትሆናለች። ማንበብ ሲቀር ነው ሁሉም አንድ የሚመስለው።" ከዚያ ሒሳብ ከፈሉ። ሥራ አጥ ላለበት ጠረጴዛ የሚከፍሉት እርሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ትልቁ ውርደታችን ልምጣ። በጥር 2001 የሐመሩ የመጀመሪያ ልጅ ተዳረች። የጥሪ ካርዱ የቤት ሥራ ነው፤ ሦስት አራሚ እያለ ለማን ይሰጣል? ብዙኃኑ በሱቁ ጻፈው፤ እኔ አንብቤ ፈረምኩበት፤ ሐመሩ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ለረዳቱ ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስት መቶ ሃምሳ ካርድ ወጣ፣ ተበተነ። ሠርጉ ደመቀ፤ ሦስት መቶ ሃምሳው ጥሪ አራት መቶ ሰው ሆኖ መጣ። የኔታ ብቻ ቀሩ። ታመው ነው ብለን በመልሱ ማግስት ድፎ ዳቦ ይዘን ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው፤ ደኅና ናቸው።

"ምነው የኔታ?" አለ ሐመሩ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ከጋቢያቸው ሥር ካርዱን አወጡና ሰጡት። "አንብብልኝ።"

አነበበ፦ "...እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

"ድገመው።" ደገመው፤ ያው ነው። ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም "እንድትገኙልን" ብዬ አነበብኩ። ብዙኃኑ ተቀበለና፣ "እንዳ..." ብሎ ቆመ። ያን የመጀመሪያ ቀን ላብ አላበው። ካርዱ የሚለው "እንዳትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን" ነው።

"በአክብሮት ጠይቃችሁኝ እኮ ነው፤" አሉ የኔታ። "መቼ የጠየቃችሁኝን እምቢ ብዬ አውቃለሁ?"

ሌላው ሕዝብ ካርዱን ቀኑንና አዳራሹን ለማየት እንጂ ለማንበብ አልከፈተውም። ያነበቡት አንድ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውም ትእዛዙን አክብረው ቀሩ። እኛ ሦስታችን ደግሞ አንዱ በሌላው ተማምነን፣ ዓይናችን ያሰበውን አነበብን። የሙያው መጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተጀመረ። "የጻፈው ማነው?" አለ ሐመሩ። "የፈረመው ማነው?" አለ ብዙኃኑ። "የተዳረችው የማን ልጅ ናት?" አልኩ እኔ፤ ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሐመሩ ስድስት ኪሎ ላይ ሚኒባሱን አቆመና አወረደን። ከዚያ ሒሳብ ጠየቀን።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ለካ ረጅም ቀን ናት። ጋዜጣ ገዝቼ ብቻዬን እቀመጥና ስሕተት አገኛለሁ፤ የማሳየው ሰው የለም። አንድ ቀን ከአስተናጋጁ ጋር ልጀምር ብዬ አንድ ርዕስ አሳየሁት፤ "ምኑ ነው የተሳሳተው?" አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አስረድቼ ስጨርስ ቡናው ቀዝቅዟል። አዲስ ወዳጅ ማፍራት በዚህ ዕድሜ ለምን እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ፤ እያንዳንዱን ሣቅ ከነታሪኩ ማስረዳት አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት መቶ ሰዓት ከየት ይመጣል?

በመጋቢት 2002 አንድ ልጅ ቤቴ ድረስ ብጫቂ ወረቀት አመጣልኝ። የየኔታ እጅ ጽሑፍ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ትንሽ ተንቀጥቅጧል። እንዲህ ይላል፦ "ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቤቴ እንዳትገኝ¡" ከመጨረሻዋ ምልክት በቀር ክፉ ደብዳቤ ነበር። ምልክቷን ሳያት ግን ለብቻዬ ሣቅሁ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ደጃፋቸው ስደርስ ሐመሩ ሚኒባሱን ሲያቆም፣ ብዙኃኑ ከማዶ መንገድ ሲሻገር አየሁ። በየኪሳችን ያው ወረቀት አለ። የኔታ ቡና አስፈልተው ጠብቀውናል። ስለ ጠቡ አንድ ቃል አልተነሳም። ሐመሩ ብቻ ሲወጣ ኪሱን ፈትሾ የሁለት ሰው የሚኒባስ ሒሳብ መለሰልን።

የኔታ በ2007 በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ለሦስታችን ተዉልን። በየአራት ወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። አሥራ ሁለቱ ወር ለሦስት በደንብ ይካፈላል፤ ጳጉሜን የማን ናት የሚለው ግን እስካሁን አልተቋጨም። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያነሳት ቡና ቤታችንም አብራ ሄደች፤ አሁን የምንቀመጠው ብዙኃኑ ሱቅ በር ላይ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ አቤቱታውን በነፃ እናርምለታለን፤ አንዳንዱ ንዴቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ራሱን ይደግማል።

ለሙት ዓመታቸው የመቃብር ድንጋይ አሠራን። ጽሑፉን ሦስታችን ተቀምጠን አዘጋጀነው፤ እንደ ድሮው ጮክ ብለን አነበብነው፤ ከኋላ ወደ ፊት አነበብነው፤ ሦስታችንም ፈረምን። "ዘመናቸውን በሙሉ የፊደል አራሚ የነበሩ" የሚል መስመር አለበት። ድንጋይ ጠራቢው ግን ራን ረ አድርጎ ቀረጸውና የኔታ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ "የፊደል አረሚ" ሆነው ተገኙ። ቄሱ አንብበው አማተቡ። የሣቅነውን ሣቅ ተዝካር የመጡ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተቀየሙትም ማለት አልችልም።

ብዙኃኑ አዲስ ድንጋይ ይሠራ አለ። ሐመሩ በመሮ እንደርስበታለን አለ። እኔ ከኪሴ ቀይ ቀለም አወጣሁና ከመስመሩ ዳር አንዲት ነጥብ አሳረፍኩ። ሁለቱም ምንም አላሉም። ነጥቧን ክረምት ያጥባታል፤ መስከረም ሲጠባ ሄደን እንመልሳታለን። ባለፈው ዓመት ስንደርስ አንድ ወጣት ዲያቆን ድንጋዩ ፊት ቆሞ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አስኪዶ ሲያነብ አገኘነው። ነጥቧ የምን እንደሆነች ጠየቀን። እዚህ መስመር ውስጥ አንዲት ነፍስ እንደጠፋች ነገርነው። የቱ ጋ እንደሆነ አልነገርነውም።